የጀርባ ሽፋኑ ገለምሶ ሲደርስ

ማክሰኞ

ወደ ጭሮ የሄድኩት በሰው ቦታ ነው። መጽሐፉን የጻፈው አንድ ዶክተር ነው፤ እኔ አርታኢው ነኝ። ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ታሪክና ስለ አሮጌው ዘመን አገዛዝ የተጻፈ፣ በግርጌ ማስታወሻ የታጨቀ ትልቅ መጽሐፍ ነው። የጭሮ ሰዎች አዳራሽ ለምነው እኛ ከተማ ይመረቅልን አሉ። ዶክተሩ እሺ አለና ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ስብሰባ መጣብኝ ብሎ ደወለልኝ። ስለ ሕዝብ አራት መቶ ገጽ ጽፎ ሕዝቡ ጋ ለመድረስ አራት ቀን የሚያጣ ሰው ያናድደኛል። ግን እሺ አልኩ፤ እሺ ማለቴ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነኸሪያ ስደርስ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ይዤ ነበር። በአንዱ የታሪኩ መጽሐፍ አለ። በሌላው አሳታሚያችን «እግረ መንገድሽን» ብሎ የጫነብኝ አዳዲስ የፍልስፍናና የፖለቲካ አስተሳሰብ መጻሕፍት ናቸው፤ እነሱንም ያረምኩት እኔ ነኝ። ደራሲዎቹ ራሳቸው ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ምላሳቸው የሚተሳሰርባቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉባቸው። «ህልዮት» እና «እሳቤ» የሚሉት ቃላት በየመስመሩ ይመላለሳሉ። አንዱ ደራሲ ስለ ፍትሕ ሦስት መቶ ገጽ ሲጽፍ አንድም የተበደለ ሰው በስሙ አልጠራም።

ረዳቱ ካርቶኖቹን ጣራ ላይ ሲወረውራቸው ቀስ በል አልኩት። «እንቁላል ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፍ ነው ስለው ጭራሽ የዘይት ጀሪካን ደረበበት።

አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ወደ ጭሮ የምትመለስ ልብስ ነጋዴ ሴት ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ስለ እናንተ አገር የተጻፈ ታሪክ ነው አልኳት። አንዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ገልብጣ የጀርባ ሽፋኑን አነበበችና ከንፈሯን መጠጠች። የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ እናንተም እዚሁ ብታውቁት ይሻላል።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጎተራ አይከተውም። ጉድጓድ ቆፍሮ ከመሬት በታች ያኖረዋል፤ አፉን ደፍኖ አፈር ያለብሰዋል፤ የት እንዳለ የሚያውቁት ባለቤቱና የቅርብ ሰው ብቻ ናቸው። ግብር በእህል በሚሰበሰብበት ዘመን የጌቶች ጭፍሮች ሲመጡ ሰው የሚተርፈው ጉድጓዱ ሳይገኝ ሲቀር ነው። የእኔ የጀርባ ሽፋን የሚተርከው ገለምሶ አካባቢ ስለነበረ ኡመር ስለሚባል ሰው ነው። ኡመር ከጭፍሮቹ ፊት ፊት ይሄዳል፤ መሬቱን በዱላው መታ መታ ያደርጋል፤ ባዶ ድምፅ ሲሰማ ይቆምና ጫማውን አውልቆ ጠጠር እንደሚያራግፍ ይሆናል። ጭፍሮቹ እዚያ ይቆፍራሉ፤ የጎረቤቶቹ ማሽላ ይወጣል። ዶክተሩ በዚህች ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ገንብቷል፤ ተራ ሰው እንዴት የበላዮቹ መሣሪያ እንደሚሆን የሚተነትን ምዕራፍ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በአራት መቶ ገጽ ውስጥ ሰው በእግሩ ሲሄድ የሚታይባት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች።

ሴትዮዋ መጽሐፉን መለሰችልኝና ይህን ማን እንደነገራቸው ጠየቀች። ሽማግሌዎች አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ገባ። አዲስ አበባ ጃኬት ደርቤ የወጣሁ ሴት አሰቦት ስንደርስ በሸሚዝ ቀርቼ ነበር። ነጠላ የለበሱ የገዳሙ ተሳላሚዎች እዚያ ወረዱ፤ አውቶቡሱም ጸጥ አለ። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን። ሚኤሶ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፤ አዲስ አበባ በዚያ ሂሳብ ሩዙን ብቻ ነው የሚያቀርቡልህ። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው። ከላይ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ይወርዳሉ፤ እኛ ጥግ ይዘን እናሳልፋለን። ጫቱ እንዳይጠወልግ አገር ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። መጽሐፍ በዚህ ፍጥነት ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ጭሮ ስንደርስ ቀዝቃዛ አየር ተቀበለን። ካርቶኖቹ ሲወርዱ ጀሪካኑ እንዳፈሰሰ አየሁ፤ ፍልስፍናው ዘይት ጠጥቷል። ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ጮህኩ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ጩኸቴን ሰምተው ወጡ። ምንም ሳይጠይቁኝ ከጓዳቸው ዱቄት አምጥተው በየሽፋኑ ላይ ነሰነሱ፤ ዘይቱን ይመጠዋል አሉ። እስኪጨልም አብረውኝ ቁጭ ብለው ጠረጉ። አንዱን መጽሐፍ ስሰጣቸው ማንበብ እንደማይችሉ ነገሩኝና፣ የደረቁትን ደርድረው በላስቲክ ሸፈኑልኝ። አዲስ አበባ ብሆን የምሰማው «መሬቱን በዘይት አበላሸሽው» የሚል ነበር።

ረቡዕ

ምረቃው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተባለ፤ በአራት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። በባጃጅ ካርቶኖቼን ታቅፌ ደረስኩ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው፤ የመጡት መምህራን፣ ተማሪዎችና ጥቂት የቢሮ ሰዎች ናቸው። ንግግር ተደረገ። አንዱ ተናጋሪ መጽሐፉን እንዳላነበበው ግልጽ ነበር፤ ግን ከሁሉ ረዘመ።

ተራዬ ሲደርስ ዶክተሩ በመግቢያው ያመሰገናቸውን ጡረተኛ የታሪክ መምህር ወደ መድረክ ጠራኋቸው። ጋሽ ወንድሙ ይባላሉ። ዶክተሩ አብዛኛውን ነገር ያገኘው ከእሳቸው ደብተር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በየከተማው እየዞሩ ሽማግሌ ሲጠይቁ የጻፉት ሁለት ወፍራም ደብተር። ኋላ ወንበር ላይ ቀጭን፣ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ አየሁ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። አልተነሱም። እንደገና ጠራኋቸው። እኔው ወርጄ መጽሐፉን እጃቸው ላይ ላኖር ስል «እዚያ አስቀምጪው» አሉኝ፤ ሰውም እየሰማ። ሲወጡ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ትተውት ሄዱ።

ደሜ ፈላ። በጠጠር መንገድ፣ በዘይት፣ በፍተሻ አልፌ ስማቸውን ላስጠራ የመጣሁት ሴት ተዋረድኩ ብዬ አሰብኩ። ስማቸው በመጽሐፍ ታተመ፤ ስንቱ ይህን አጥቶ ያለቅስ የለም ወይ አልኩ። መጽሐፉን ከወንበሩ አንስቼ፣ ቤታቸውን ጠይቄ፣ ልነግራቸው የሚገባውን በልቤ እያሰማመርኩ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ገና አፌን ስከፍት እጄን ይዘው አስገቡኝና ምሳ አቀረቡ፤ የማሽላ እንጀራ ሁልበት ከሚሉት የአብሽ ማባያ ጋር። ጋሽ ወንድሙ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ለካ ረቡዕ ከምሳ በኋላ በዚያ ቤት የታወቀ ሰዓት ነው። ሐጂ አደም የሚባሉ የጫትና የቡና ነጋዴ በሥራ ከገለምሶ ሲመጡ ረቡዕን እዚያ ነው የሚውሉት፤ ጋሽ ወንድሙ ጫት አይቅሙም፤ ግን በርጫው ላይ ተቀምጠው ወሬ ይሰማሉ። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ነው ያረጁት። እትዬ አስካለ ይህን ሲነግሩኝ ፍራሹን በዓይናቸው እያሳዩኝ ነበር፤ ተነጥፎ፣ ትራሱ ተደግፎ፣ ማንም የለበትም።

«ሦስተኛ ረቡዕ ነው ሲቀር» አሉ። «የመጽሐፋችሁ ጀርባ በስልክ ከዞረ ወዲህ። ኡመር እኮ የሐጂ አባት ነው።»

የያዝኩትን መጽሐፍ ጀርባውን ወደ ታች ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቢሆንም ለክፋቴ፣ ደብተርዎ ላይ ያለውን ነው ያተምነው አልኩ ወደ ጋሽ ወንድሙ ዞሬ። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀዩን አላያችሁትም?»

«የቱን ቀይ?»

ተነሥተው ደብተሩን አመጡ። ዶክተሩ በአደራ ወስዶ፣ ፎቶ ኮፒ አንሥቶ፣ በሰዓቱ መልሶላቸዋል፤ በዚያ አላማውም። ገጹን ገለጡልኝ። ከላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ አለ፤ ከሥር ኡመር፣ ዱላው፣ ጫማው፣ ጠጠሩ፣ ሁሉም በቀይ። ሌላ ገጽ ገለጡ፤ እዚህም ቀይ አለ። ዕድሜ ልካቸውን ፈተና ያረሙ ሰው ናቸው። ሽማግሌ የነገራቸውን ሁሉ ይጽፋሉ፤ አጣርተው ሐሰት ሆኖ ያገኙትን ግን አይጥሉትም፤ ሙሉውን በቀይ ያሰፍሩታል፤ ሌላ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ከየት እንደመጣ እንዲያውቁ። ይህንንም በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ በደንብ ጽፈውታል፦ ሰማያዊው የተጣራ፣ ቀዩ ሐሰት።

ሽፋን ፎቶ ኮፒ የሚያደርግ ሰው የለም። ዶክተሩም እኔም የሠራንበት ፎቶ ኮፒ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው።

የኡመርን ነገር ያወራው አንድ ሰው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ጉድጓድ ያሳየው የዚያ ሰው የገዛ አባት ነበር። ጋሽ ወንድሙ አምስት ሽማግሌ ጠይቀው አረጋግጠዋል። በሰማያዊው ላይ እንደተጻፈው በዚያ ዓመት ጭፍሮቹ ከሁሉ ቀድመው የከፈቱት ጉድጓድ የኡመር የራሱ ነው።

እዚያ ቁጭ ብዬ ዶክተሩን ልሰድብ ቃል ስፈልግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥራው ሲጀመር ዶክተሩ ዋናው ደብተር እጁ ላይ ሳለ ልላክልሽ ወይ ብሎኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ሞልቶ ነበርና፣ አያስፈልግም፣ ፎቶ ኮፒው ይበቃል አልኩት። ይህን ለጋሽ ወንድሙ ነገርኳቸው። ደብተሩን ዘጉት፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ወደ ሐጂ ሄደው ለምን እንዳልነገሯቸው ስጠይቃቸው፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ አሉ። ነገ አብረን እንሄዳለን አልኳቸው። እትዬ አስካለ የባለቤታቸውን ልብስ ለማጠብ ወዲያው ተነሡ።

ሐሙስ

የገለምሶ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ አምስት ሰው ጨመረ። የአዲስ አበባ ታክሲ ትርፍ ጫነ ብዬ የተጨቃጨቅኩባቸውን ቀኖች ሁሉ ይቅር አልኩ። ጋሽ ወንድሙ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ኩኒ ላይ ጭጋግ ነበር። በዴሳ ከተማ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ሌላ መኪና አስቁሞ ጎማ ለምኖ እስኪመጣ፣ አንዲት ሴት ከቤቷ ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ በወተት ይዛ መጣች። ማን እንደሆንን አልጠየቀችም፤ ለሁላችን ቀዳች። ጋሽ ወንድሙ ሲጠጡ እንኳ ደብተሩን ከደረታቸው አላወረዱም።

ገለምሶ ሐጂ አደም ደጃፋቸው ላይ ቆመው የተሸከፈ ጫት ሲያስጭኑ አገኘናቸው። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። አዩን። እጃቸውን ከጫቱ ላይ አነሡ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

«ወአለይኩም ሰላም። ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ።»

ውሃ ለእጃችን መጣ፤ ቀጥሎ ምግብ መጣ። ነገሩን ላነሣ ስል ሐጂ መጀመሪያ ብዪ አሉኝ። አዲስ አበባ ብንሆን በር ላይ ተሰዳድበን እንጨርስ ነበር፤ እዚህ የተቀየመኝ ሰው ሥጋ እየቆረሰ ወደ እኔ ይገፋልኛል።

ስንጨርስ ሐጂ ወደ ጋሽ ወንድሙ ዞሩ።

«አንተ ወንድሙ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩህ» አሉ። «እኔ የከፋኝ መጽሐፍ አይደለም። ሰው ብዙ ነገር ይጽፋል። አንተ መጥተህ ሳታስተባብል ስትቀር ነው እውነት አምኖበት ኖሯል ያልኩት።»

ጋሽ ወንድሙ ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥተው ዘረጉት። ሐጂ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ ስለዚህ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። ነጃት ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች፤ ለዕረፍት መጥታለች። የጀርባ ሽፋኑን ለአያቷ ያነበበችላቸው እሷ ናት። ሐጂ ውሸት ነው ሲሏት አላመነችም፤ የግርጌ ማስታወሻውን ቆጥራ አሳየቻቸው። በገዛ ቤታቸው የአባታቸውን ስም የሚያነጻላቸው ሰው አጡ፤ ይህን የነገሩኝ እሷው ፊት ነው። ልጅቷ ወለሉን እያየች ሰማች።

ነጃት የሽፋኑን የውስጥ ገጽ አነበበች። ከዚያ ሰማያዊውን ጮክ ብላ አነበበች፤ ቀዩን ግን በዓይኗ ብቻ። እኔ ምን እንደተፈጠረ ነገርኳት፤ ፎቶ ኮፒውን፣ ጠረጴዛዬን፣ «ይበቃል» ማለቴን። ለአያቷ በኦሮምኛ ደገመችላቸው፤ ምንም እንዳላስቀረች ከፊታቸው አየሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የቀረው ገጽ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

እኔ ሃያ ዓመት የሰው መጽሐፍ ያረምኩ ሴት ነኝ። ስለ እውነት ምንነት የተጻፈ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ዘይት ጠጥቶ ጭሮ አስቀምጬ መጥቻለሁ። አላውቅም አልኳት። አሁንም አላውቅም።

ለሐጂ ሁለተኛው እትም ላይ እንደሚስተካከል ነገርኳቸው። የሚገባቸው ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

«ለኔ አትንገሪ» አሉኝ። «እኔ አባቴን አውቃለሁ። ያነበቡትን ፈልገሽ ንገሪ። የአባቴን ስም ጥሪ፤ ያኛውን ሰው ግን አትጥሪ። ልጆቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ምንም አላደረጉም።»

ጋሽ ወንድሙ የዚያን ቀን አልተመለሱም። ሐጂ ፍራሹን አስነጠፉና ረቡዕ ስለቀረብኝ ሐሙስ ይሁንልኝ አሉ። እኔን እስከ መኪና የሸኘችኝ ነጃት ናት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ቀሩት ቀይ ገጾች ጠየቀችኝ። ስንቱን እንዳተምን እንኳ ልነግራት አልቻልኩም።

ዓርብና ከዚያ በኋላ

ዓርብ ቁልቁለቱን ወረድን፤ ሚኤሶ ስንደርስ ሙቀቱ ጠበቀን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም። አውቶቡስ ውስጥ ደብዳቤ ስጽፍ ስሰርዝ ነበር። የፔንሲዮኑ ባለቤት ለመንገድ የሰጡኝን ዳቦ እንኳ አዲስ አበባ ገብቼ ነው ያየሁት።

ዶክተሩን ቢሮው አገኘሁት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ማስታወሻም ያዘ። ከዚያ፣ ለሁለተኛው እትም «ሌላ ትረካም አለ» የሚል የግርጌ ማስታወሻ እንጨምራለን አለኝ። ውሸት ነው እንጂ ሌላ ትረካ አይደለም አልኩት። እውነት ብዙ መልክ አለው ብሎ ከአንዱ አዲስ መጽሐፍ ጠቀሰልኝ፤ ያረምኩት እኔ ነኝ፣ አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያንተ አባት ቢሆንስ አልኩት። ፈገግ አለና ስሜታዊ መሆን የለብንም አለ። ጉድጓዱን ማን እንዳሳየ ስም ጥቀሺ፣ ያኔ አስተባብላለሁ፤ ያለ ስም ግን ሳይንሳዊ አይሆንም አለኝ። ሐጂ ያን ስም እንዳልጠራ ለምን እንደለመኑኝ ነገርኩት። ይህን በማስታወሻው ላይ አልጻፈውም። አሳታሚው ደግሞ መጽሐፉ የሚሸጠው በጀርባው ነው አለኝ፤ ሽፋኑን እንዳልነካው በትሕትና ጠየቀኝ።

ተናደድኩ፤ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ከሁሉ በላይ በራሴ። ምዕራፉ እንዳለ እንደገና ሊታተም ነው። ስሜ ከአርታኢው ቦታ እንዲወጣ ጽፌያለሁ፤ ይህ ግን ለሐጂ አደም ምን ይጠቅማቸዋል? ያነበቡትን ፈልገሽ ንገሪ ነው ያሉኝ። በምን ልፈልጋችሁ? ቤታችሁን አላውቅም። አንድ ጋዜጣ የሰጠኝ ቦታ ይህችው ናት፤ የጉዞ ወሬ ጻፊ ብለውኝ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉን የገዛችሁ፣ ጀርባውን አንብባችሁ ከንፈር የመጠጣችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ለጓደኛ የላካችሁ፣ ያን ታሪክ የመረጥኩላችሁ እኔ ነኝ። ዱላው፣ ጫማው፣ ጠጠሩ፣ ሁሉም ውሸት ነው። የላካችሁለትን ሰው ፈልጋችሁ ንገሩልኝ። የገለምሶው ኡመር፣ የሐጂ አደም አባት፣ የማንንም ጉድጓድ አላሳየም።